በመካነ ሰላምና በምዕራብ ወሎ ደጋ በበዓል ቀን ስለሚካፈሉ የተቀዱ ዜማዎች

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ የለጋምቦን ብርዳም ሜዳ ተሻግሮ፣ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከማዘቅዘቁ በፊት በሚገኘው በቦረና ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ደጋ ከመስከረም 1 ቀን አንሥቶ እስከ ጥር 11 ቀን ድረስ በዓል በዓልን እየተከተለ ይመጣል፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት። መውሊድም በጨረቃ ቈጠራ ስለሚዞር አንዳንድ ዘመን በነዚሁ መካከል ይውላል። በነዚህ ቀኖች ጎረቤት ለጎረቤት የሚያካፍለው ድፎ ዳቦና ቡና ብቻ አይደለም፤ ዜማም ይካፈላል። ቀድሞ የሚካፈለው እንግዳው በቃሉ ይዞት የመጣው ዜማ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን የሸክላ፣ ቀጥሎም የካሴት ዜማ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ሆኖአል። ካሴት ያለው ሰው የወደደውን ለወዳጁ ማዋስ፣ ወይም ወደ ሙዚቃ ቤት ወስዶ ባዶ ካሴት ላይ ማስቀዳት ለብዙ ዘመን የበዓል ደግነት ሆኖ ኖሮአል። የልማዱን መልካምነት የሚክድ የለም። ነገር ግን ለበዓል ተብሎ የሚካፈለው የተቀዳ ዜማ ሁሉ ለበዓል የሚበጅ ነውን ብሎ መመርመር ይገባል።

ለዚህ ምርመራ መመዘኛው ከዜማው ከራሱ ይገኛል። በዚህ አገር የበዓል ዜማ ሁልጊዜ ሁለት ወገን አለው፤ አውራጅና ተቀባይ። በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶች አንዲቱ ስታወርድ ሌሎቹ በአንድ ቃል ይቀበሏታል። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ወንዶች ልጆችም እንደዚሁ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ በትራቸውን መሬት ላይ እየደበደቡ ይቀበላሉ። በመንዙማ ጊዜ መሪው አንድ ስንኝ ሲል ጉባኤው በጭብጨባና በድቤ ይመልስለታል። አዝማሪ በተጠራበት ግብዣ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከተጋባዦቹ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጥ ተቀባዩ አዝማሪው ራሱ ይሆናል። እንግዲህ በነዚህ ሁሉ ዘንድ ሰሚ ብቻ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው የለም ማለት ነው። ስለዚህም ለበዓል የሚበጀው የተቀዳ ዜማ፣ በቤቱ ላሉት ሰዎች የመቀበያ ቦታ የሚተውላቸው ነው። ይህን ቦታ ራሱ የሚሞላው ግን ድምፁ ምንም ያኽል ቢያምር የበዓል ዜማ ሳይሆን የበዓል ጌጥ ነው።

ድምፅን የሚቀዳ መሣሪያ ኢትዮጵያን ያወቀው አስቀድሞ በንግግር ነው፤ በ1898 በአውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀድተው ልከዋል። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የተቀዳው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1908 ነው፤ ይኸውም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ነበረ። ቆይቶም በ1948 ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። በ1969 አምሃ እሸቴ ይህን ብቸኛ መብት ችላ ብለው አምሃ ሪከርድስን ባቋቋሙ ጊዜ የአዲስ አበባ ዘፋኞች ሸክላ በየቤቱ ገባ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር የመጠን ጉዳይ ነው። የጥንቱ ሸክላ በአንድ ፊቱ ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ትንሹ ባለ 45 ዙር ሸክላም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። በግብዣ ላይ ግን አንድ አምባሰል ግጥም የሚሰጥ ሰው እስካለ ድረስ አያልቅም። ሸክላው ዘፈኑን ሲያሳጥር አስቀድሞ የቈረጠው የዘፋኙን ግጥም አይደለም፤ የተጋባዡን ነው።

በመስከረም 1 ቀን ከራዲዮ የማይጠፋው፣ ሰው ለሰውም አብዝቶ የሚያካፍለው ዘፈን ዘሪቱ ጌታሁን የዘፈነችው «እንቁጣጣሽ» ነው። ይህ ዘፈን በዓሉን እንደ ሴት እንግዳ በ«አንቺ» እያነጋገረ ይቀበላል። ሐሳቡ ከልጃገረዶቹ ዜማ አይርቅም፤ ልጃገረዶቹ ግን ባለቤቶቹን ደጅ ቆመው ያነጋግራሉ፣ የቤቱን ጌታና እመቤት እየጠሩ ያመሰግናሉ፣ መልስም ይጠብቃሉ። ዘሪቱ የምታነጋግረው ማንንም ያልሆነ፣ ሁሉንም የሆነ ቤት ነው። ይህ ጉድለት ነው ቢባል ልክ አይሆንም፤ ራዲዮ በአንድ ጊዜ ወደ አገሩ ሁሉ ቤት ስለሚገባ እያንዳንዱን በስሙ ሊጠራ አይችልም። ደግሞም ዜማው ለአፍ የሚቀል ስለ ሆነ፣ ቡና የምታፈላ ሴት ሥራዋን ሳታቋርጥ አብራው ታዜማለች። አብሮ ማዜም ግን መቀበል አይደለም፤ አብሮ የሚያዜም ሰው የሌላውን ቃል ይደግማል፣ ተቀባይ ግን የራሱን ድርሻ ይዞ ይመጣል። ይህ ዘፈን እንግዲህ የበዓሉ በር መክፈቻ ሆኖ ሊካፈል ይገባዋል፤ የበዓሉን ቀን ሙሉ ሊይዝ ግን አይችልም።

ስለ ወሎ ዜማ ሲነሣ አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ከወሎ ጋር ተያይዘው ይጠራሉ። ከነዚህ ሁለቱ የቦታ ስም የያዙ ናቸው፤ ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ፣ ወደ አፋር ቆላ መውረጃ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ አምባሰልም ግሸን ማርያም ያለችበት ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኝ አገር ነው። ሁለቱም በምሥራቅ በኩል፣ ትልልቆቹ የመኪና መንገዶች በሚያልፉበት ወገን ናቸው። ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ የሚባል ቅኝት የለም። እነዚህ አገሮች ዜማ ስላጡ አይደለም፤ የተድባበ ማርያም ደብር ያለችበት የሳይንት አገር ዜማ አጣ ብሎ የሚናገር አይገኝም። ነገር ግን ሸክላና ካሴት ዘፈንን የሚፈልጉት መኪና በሚደርስበት ስለ ሆነ፣ «የወሎ ዘፈን» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የደሴና የአካባቢዋ፣ በአዲስ አበባም የተቀዳ ዘፈን ነው። የመካነ ሰላም ሰው ለበዓሉ «የአገሬ ዘፈን» ብሎ ካሴት ሲገዛ፣ የጎረቤቱን አገር ዘፈን በአገሩ ስም ይገዛ ነበር።

ይህም ሆኖ ከነዚህ ካሴቶች መካከል ለበዓል እጅግ የሚበጁ አሉ። በአምባሰል ዜማ ስሟ የገነነው ማሪቱ ለገሠ ከነዚህ ትቈጠራለች። የአምባሰል ቅኝት በባሕርዩ ቶሎ የማይጠግብ ነው፤ ድምፁ ከመነሻው ወደ ቀጥሎው በግማሽ እርምጃ ብቻ ይወጣና ከዚያ ዘልሎ ይሄዳል፤ ሲመለስም በዚያው ጠባብ በር ይገባል። ማሪቱ በዚያ በር ላይ ትቆያለች። ድምፅዋን አንዘፍዝፋ ስታሳርፍና ማሲንቆው የእርስዋን ቃል ተከትሎ ሲያስተጋባ፣ በሁለቱ ስንኞች መካከል ትንፋሽ ያኽል ባዶ ቦታ ይገኛል። ይህች ባዶ ቦታ ትንሽ ናት፤ ሆኖም በቤቱ ካሉት አንዱ «እሰይ» ሊልባት፣ ሌላውም ከዘፋኟ የበለጠ ያለውን ስንኝ ጣል ሊያደርግባት ይበቃል። ካሴቱን ለጊዜው አቁሞ «እስቲ የኛን አገር ደግሞ ስሙ» ለሚል ሰው ምክንያት የሚሰጠው እንደዚህ ያለው አዘፋፈን ነው። ይኸው አምባሰል በከበሮ መሣሪያና በኪቦርድ ሲሠራ ግን ምቱ በማሽን የተቈረጠ ስለ ሆነ ማንንም አይጠብቅም፤ ሰሚው ሊጨፍርበት ይችላል፣ ሊገባበት ግን አይችልም። የጥምቀት ዘፈን ተብለው በየዓመቱ የሚወጡት ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ታቦት ሲመለስ ሜዳ ላይ የሚሰማውን ሆታ ያስታውሳሉ እንጂ ሆታ አያስነሡም።

መንዙማ በዚህ ነገር ከዘፈኑ ይሻላል። የወሎ መንዙማ ሥሩ የጠለቀ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ከመሠረቷት ከጀማ ንጉሥ አንሥቶ፣ በአማርኛ ቋንቋና በዐረብኛ ፊደል ብዙ መንዙማ እስከ ጻፉት እስከ ሸኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ድረስ፣ ትምህርትንና ምስጋናን ከዜማ ጋር ያስተባበሩ ሊቃውንት ነበሩበት። በካሴት በተቀዳ ጊዜም አሠራሩ አልፈረሰም፤ መሣሪያው ድቤና እጅ ብቻ ሆኖ መሪው ይላል፣ ጉባኤው ይመልሳል፣ ምላሹም የማይለወጥ ስለ ሆነ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ወዲያው ያውቀውና ከጉባኤው ጋር ይቈጠራል። ካሴቱም እዚህ ላይ ከሸክላው ይልቅ ይረዳል፤ ባለ 60 ደቂቃው በአንድ ፊቱ 30 ደቂቃ ስለሚይዝ ዜማው ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ጊዜ አለው። በቅርብ ዘመን የሚወጡት አንዳንዶቹ ግን በስቱዲዮ የገደል ማሚቶ እየተጨመረባቸው፣ መሪው ራሱ በብዙ ድምፅ ተባዝቶ ለራሱ ይመልሳል። ጉባኤው ከካሴቱ ወጣ፤ ከቤቱም እንዲወጣ ተደረገ።

በካሴት ዘመን በሙዚቃ ቤቶች መደርደሪያ መንዙማው፣ መዝሙሩና ዘፈኑ ለየብቻቸው ተለይተው ይቀመጡ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ሱቁ ራሱ የተለየ ነበር። ለንግድ ይህ ያመች ይሆናል። በቦረና ደጋ ግን የእስላሙና የክርስቲያኑ ቤት በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ስለሚገኝ፣ በመውሊድ የተጠራ ክርስቲያን መንዙማውን እየሰማ ያጨበጭባል፤ በገና የተጠራ እስላምም የገናውን ዜማ ያውቃል። የወሎን ዜማ ምንጭ ለማወቅ የፈለገ ሰው ሦስቱን መደርደሪያ አስተያይቶ መስማት ይኖርበታል፤ የሙዚቃ ተቺዎች ግን እስከ ዛሬ የሚጽፉት አብዛኛውን ስለ አንዱ፣ ስለ ዘፈኑ ብቻ ነው። ትዝታን ሲያደንቁ ገጽ የማይበቃቸው ሰዎች ስለ መንዙማ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ማለፋቸው የጆሮ ጉድለት እንጂ የዕውቀት እጥረት ብቻ አይደለም።

የበገና ካሴት በዚህ ምርመራ ሊገባ አይገባውም፤ በገና የዐቢይ ጾም እንጂ የበዓል መሣሪያ አይደለምና። ለበዓል ግብዣ በገና የሚከፍት ሰው ቢገኝ፣ ጥፋቱ የባለ ካሴቱ ነው።

ካሴቱ በሚሞሪ ካርድ፣ ሚሞሪ ካርዱም በስልክ ከተተካ ወዲህ አንድ ያልታሰበ ነገር መጥቶአል። ወጣቶች ዘፈን ከመቀበል አልፈው በዓሉን ራሱን መቅዳት ጀምረዋል፤ ደጅ የመጡትን አበባየሆሽ ባዮች፣ የገና ጨዋታውን፣ የሠርጉን ሆታ በስልካቸው ይይዙና ደብረ ዘይት ወይም አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ላለ ዘመዳቸው ይልካሉ። በስቱዲዮ መመዘኛ ቢታዩ ዋጋ የላቸውም። ነፋሱ ይሰማል፣ ውሻው ይጮኻል፣ አውራጇ ከስልኩ ርቃ ስለ ቆመች ቃልዋ አይለይም፤ ከሁሉ ጐልቶ የሚሰማው ስልኩን የያዘው ተቀባይ ራሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ መመዘኛ ግን ከተቀዱት የበዓል ዜማዎች ሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው፤ የሚደርሳቸው ሰው በሩቅ አገር ሆኖ የማን ድምፅ እንደ ሆነ ያውቃል፣ አውቆም ይመልስለታል። አንድ ነገር ብቻ ይጐድላቸዋል። የተቀዳው በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው በዓል፣ በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ፣ ያወረደችውም ማን እንደ ሆነች የጻፈበት ሰው ስለሌለ፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሞላ ዜማው አብሮ ይደመሰሳል። ይህን ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው፤ እሱም በዓሉ ሳያልፍ፣ ልጃገረዶቹ ገና ደጅ ሳሉ ሊጻፍ የሚችል ነው።