ሰማዕት የሚባለው ማን ነው? ስለ ባሕር ዳሩ ሐውልትና ስለ ፎገራ ልቅሶ

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከዐባይ ወንዝ ዳር፣ የዐማራ ሰማዕታት መታሰቢያ የሚባለው ሐውልት ቆሟል። የቆመውም ከደርግ ጋራ ሲዋጉ ለወደቁት ታጋዮች ነው። ሐውልትን የሚተች ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ድንጋዩንና ቅርጹን ነው። የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሰው ግን አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል፤ ይኸውም በዚህ ሐውልት ሥር ማን ሊያለቅስ ይችላል? ማንስ አይችልም? የሚለው ነው። ይህንንም ጥያቄ ከባሕር ዳር በስተሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ከወረታና በዙሪያዋ ከተዘረጋው ከፎገራ ሜዳ ላይ ሆነን ብንጠይቀው መልሱ ይበልጥ ይገለጥልናል።

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያወጣው መንገድ ከወልድያ በደብረ ታቦር በኩል ከሚመጣው ጋራ የሚገጥመው በዚያ ነው። ስለዚህ ነጋዴ በሚያልፍበት መንገድ ወታደርም ያልፍባታል። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ወጣቶች ለግዳጅ ተፈለጉ፤ የገበሬው ልጅም ሞፈሩን ጥሎ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ወረደ። በዚያው ዘመን ሌሎች የአገሩ ልጆች በኅዳር 1973 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ወደ ኢሕዴን ገብተው በተቃራኒው ወገን ተሰለፉ። በየካቲት 1983 ዓ.ም. በተከፈተው በቴዎድሮስ ዘመቻ ጎንደርና ጎጃም በኢሕአዴግ እጅ ወደቁ፤ በግንቦት 20 ቀንም አዲስ አበባ ተያዘች። በሁለቱም ወገን የሞተው የአንድ አገር ልጅ ነበረ፤ ሐውልት የቆመለት ግን አንደኛው ብቻ ነው።

በዚህ አገር ሞት በሥርዐት የሚፈጸም ነገር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ልጁ በሩቅ አገር የሞተበት ቤት መርዶ ይነገረዋል፤ ሽማግሎች ገና ጎሕ ሳይቀድ መጥተው ያረዳሉ። ሬሳው ባይመጣም ልብሱና ፎቶግራፉ በልቅሶው መካከል ይቀመጣል፤ አልቃሿም ስሙን እየጠራች ሙያውን ታወጣለች። ካህኑ ፍትሐት ሲያደርስ የሟቹን የክርስትና ስም ይጠይቃል። በ40ኛው ቀን ተዝካር፣ በዓመቱም ሙት ዓመት ይወጣል። በእስላሙም ወገን ለሟቹ በስሙ ዱዓ ይደረግለታል። የዚህ ሁሉ ሥርዐት መነሻው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ስም፣ ሁለተኛው ቀን። ስምና ቀን ያልተገኘለት ሟች ሞቶ አያልቅም፤ እናቱም ደጅ ደጁን ማየት አትተውም።

የደርግ ሠራዊት በ1983 ዓ.ም. ሲበተን የሟቹን ስም ለቤቱ የማድረስ ግዴታ የነበረበት አካል ራሱ ፈረሰ። አዲሱም መንግሥት ያንን ግዴታ እንደ ውርስ አልተቀበለም፤ የወደቀው ወታደር የጠላት ወታደር ነበረና። በእኛ አሳብ የሐውልቱ ዋና ጉድለት ይህ ነው። ጉድለቱ ለታጋዮቹ መታሰቢያ በመቆሙ አይደለም፤ እነርሱም የእናት ልጆች ናቸውና መታሰቢያ ይገባቸዋል። ጉድለቱ ልቅሶን የአሸናፊ ድርሻ በማድረጉ ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ቃሉ ነው። «ሰማዕት» ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ቃል ነው፤ በግእዝ ትርጕሙ ምስክር ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰማዕት የመሰከረለት ነገር ምን እንደ ሆነ ገድሉ ይናገራል። የሐውልቱ ሰማዕታትስ ለምን መሰከሩ? እስከ 1983 ዓ.ም. የሞቱት የኢሕዴን ታጋዮች የሞቱት የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ በሚባል ድርጅት ስም ነው። ድርጅቱ ብአዴን ተብሎ በዐማራ ስም የተጠራው በ1986 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «የዐማራ ሰማዕታት» የሚለው ስያሜ ለሟቾቹ ከሞቱ በኋላ የተሰጣቸው ማንነት ነው ማለት ነው። ሕያው ሰው ስሙን ሊለውጥ ይችላል፤ ሙት ግን ተጠይቆ አይመልስም። በ2011 ዓ.ም. ድርጅቱ ዳግመኛ ስሙን ለወጠ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ተዋጠ። ምስክሩ ቆሞ ሳለ ያስመሰከረው ጠፋ።

እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ድንጋይ ማቆሙ አዲስ ነገር አይደለም። በሶማልያ ጦርነት ለወደቁት የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች የተሠራው ትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. መባቻ በአዲስ አበባ ሲመረቅ ሥራው የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ነበረ። ልብ ማለት የሚገባው ግን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በፎገራም ሌላ መታሰቢያ ትተው መሄዳቸው ነው። በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሩዝን እርሻ አስለምደዋል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘርም ስሙን ያገኘ ከዚያው ነው። ማኅበራቱ አለፉ፤ ሩዙ ግን ከጤፉ ጋራ ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ። ሕዝቡ ከዚያ ዘመን ያስቀረው ለቤቱ የሚሆነውን ነው። ሐውልትም በሕዝብ ዘንድ የሚኖረው በአንድ ቤት የሚፈጸም ሥራ ሲኖረው ነው።

በሌላ አገር የደረሰውንም ብንመለከት ፈተናው የእኛ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ክሮኤሽያ ከዩጎዝላቭያ ስትለይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ፣ ለፀረ ፋሽስት አርበኞች የቆሙ ብዙ ሐውልቶች ፈረሱ፤ በዛግሬብ ከተማም በፋሽዝም ሰለባዎች ስም የተጠራው አደባባይ ስሙ ተለወጠና ከ10 ዓመት በኋላ ተመለሰለት። ፕሬዚዳንቱ ፍራንዮ ቱጅማን ደግሞ የገዳዮቹ የኡስታሻዎች አፅም በያሴኖቫትስ ካምፕ ካለቁት ሰለባዎች አፅም ጋራ በአንድ ስፍራ እንዲያርፍ አሳብ አቅርበው ነበር። እርቅ ብለውታል፤ ብዙዎች ግን ገዳይንና ተገዳይን ማስተካከል ነው ብለው ተቃወሙት፤ መቃወማቸውም ትክክል ነበረ።

ይህ ምሳሌ በእኛም አሳብ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ለደርግ ወታደር መታሰቢያ ይቁም ማለት ቀይ ሽብርን መርሳት አይሆንምን? የሚል ይኖራል። መልሳችን ይህ ነው። ቀይ ሽብርን ያዘዙትና የፈጸሙት በስማቸው ተከሰው በፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል፤ ሰለባዎቹም በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. ሙዚየም ተከፍቶላቸዋል። በግዳጅ ተወስዶ የሞተ የገበሬ ልጅ ግን ከእነዚያ ጋራ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። በፍርድ ቤት ጥፋት በየስሙ እንደ ተለየ፣ ሐዘንም በየስሙ ሊለይ ይችላል። የቱጅማን ስሕተት አፅምን ያለ ስም መደባለቁ ነበረ፤ የእኛም ስሕተት አንዱን ወገን ያለ ስም መተዉ ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተጨነቅንበት ነበር። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከትግራይ የተነሣው ጦርነት በወልድያው መንገድ እስከ ጋይንት ድረስ መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ መካከል ውጊያ ሆነ። ዛሬም የአንድ አገር ልጅ በሁለት ወገን ይሞታል፤ ነገ ያሸነፈው ደግሞ ሐውልት ያቆማል፤ የተሸነፈው እናት መርዶ ሳይደርሳት ትቀራለች፤ ያልተለቀሰለትም ሟች ለሚቀጥለው ጦርነት መቀስቀሻ ይሆናል።

ስለዚህ የምንለው የባሕር ዳሩ ሐውልት ይፍረስ አይደለም። ከአጠገቡ መዝገብ ይከፈት፤ በየቀበሌው እናቶችና ካህናት፣ ሽማግሎችና ዕድሮች በሕይወት ሳሉ የሟቹ ስም፣ የወጣበት ቀንና የቀረበት ቦታ ወገን ሳይለይ ይጻፍ። የመጀመሪያውንም ገጽ የፎገራ ሜዳ ቢጽፈው የተገባ ነው። ያን ጊዜ ካህኑ ስም ጠይቆ ስም ያገኛል፤ እናቲቱም ተዝካሯን አውጥታ ደጇን ትዘጋለች።