የሽብልቋ ውለታ

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የምንሄድበት አሮጌ ላንድክሩዘር ፍጥነቱ 60 ሲደርስ አጥንታችንን ያርገፈግፈው ነበር። የካርዳኑ መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ተቀየረ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። መላ ያገኙለት አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። መኪናውን በክሪክ አላነሱም፤ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ እንዳረፈ ከሥር ገብተው ውኃ ልካቸውን መጀመሪያ ካምቢዮው፣ ቀጥሎም ዲፈረንሻሉ ላይ አሳረፉ። «ተኮራርፈዋል» አሉ።

ክሮቼራ ታጥፎ ሲሠራ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፤ ሁለት ጊዜም ያዘገየዋል። የፊቱና የኋላው ክሮቼራ እጥፋት እኩል ሲሆን አንዱ የሌላውን ያካክሳል። ባሌስትራ ሲደረብ ወይም ሲደክም ግን የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ያዘነብላል፤ እኩልነቱም ይፈርሳል።

አዛውንቱ ከባሌስትራው ሥር ባለ 2 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ ሸጉጠው ቡሎኑን አጠበቁ። መንቀጥቀጡ ቀረ።

በ1860 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ከጋፋት ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት በተጎተተበት አገር፣ ዛሬ ዳገቱን የሚያቀሉልን እንዲህ ያሉ እጆች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ እኛ ክሮቼራ ስንቀያይር እንኖር ነበር፤ አሮጌው መኪናም ያለ ጥፋቱ ቁርጥራጭ ብረት ይሆን ነበር።