ዱአትሎን ከጓደኛ ጋር

ትሪያትሎን አምሮት ዋና ለማይችል ሰው ዱአትሎን አለለት፦ ሩጫ፣ ብስክሌት፣ እንደገና ሩጫ። ስፕሪንት የሚባለው አጭሩ ርቀት 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 2.5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ለጀማሪ የጓደኛሞች ቡድን የሚመጥን ነው።

ጨዋታው የሚደምቀው ከሩጫ ወደ ብስክሌት መቀየሪያው ቦታ ላይ ነው። የሄልሜቱ ማሰሪያ ቀጭ ሳይል ብስክሌቱን ከማቆሚያው ማንሳት ያስቀጣል፤ የመውጫውን መስመር ሳያልፉ መፈናጠጥም ክልክል ነው። ጀማሪው ላብ ባጠመቀው ጣቱ ማሰሪያውን ሲዳብስ፣ ጎኑ የቆመው ጓደኛው «ቀስ በል፣ አይዞህ!» ይለዋል።

ሁለተኛው ሩጫ ግን ጉድ ነው! ፔዳል ሲመታ የቆየ እግር መሬት ሲነካ የራስ አይመስልም፤ ጭን ይከብዳል፣ ጉልበት ይብረከረካል። 2.5 ኪሎ ሜትሩ ከመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር የረዘመ ይመስላል። ጓደኛ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። አጠገብ የሚሰማ ትንፋሽ እልህ ያጋባል፤ ቀድሞ የጨረሰውም መንገድ ዳር ቆሞ የቀሩትን በስማቸው እየጠራ ያበረታታል። ብቻውን ቢሆን ያቋርጥ የነበረ ሰው ይጨርሳል።

ፍሬኑ የሚይዝ ብስክሌት፣ ሄልሜትና እሺ የሚል ጓደኛ ካላችሁ ተመዝገቡ። ሰዓቱን ለፕሮፌሽናሎቹ ተዉላቸው።