በመጽሐፈ መክብብ ንባብ ላይ የቀረበ ሐተታ፤ የሰው ደስታ በድካሙ ነውን፥ ወይስ በፍሬው?

መጽሐፈ መክብብን የሚያነቡ ሰዎች በሁለት ወገን ይስታሉ። አንደኛው ወገን ሁሉ ከንቱ ከሆነ ሥራ ምን ይረባል ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ስለ መብልና መጠጥ የተነገረውን ብቻ ይዞ ወደ ማዕድ ይቸኩላል፤ ይህኛው ብዙ መልስ አያሻውም። የፊተኛው ግን ምዕራፍ 3 ቁጥር 22ን አላስተዋለም። በዚያ ሰባኪው የሰው ዕድል ፈንታው በሥራው መደሰት እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ በፍሬው አላለም፤ ፍሬውንማ በምዕራፍ 2 ከኋላ ለሚተካው ለሌላ ሰው ሰጥቶታልና።

ለዚህ ምስክር የምትሆን ከገንዳ ውሃ በስተ ምዕራብ በሱዳን ጠረፍ ያለችው መተማ ናት። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ካቃጠሉ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ወደ ቆላው ወርደው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ተዋጉ። ቅጥሩ ተጥሶ ድሉ በእጅ ሊገባ ሲል ንጉሡ በጥይት ቆሰሉ፤ ሠራዊቱም ተፈታ፤ ሬሳቸው እንኳ በጠላት እጅ ወደቀ። ፍሬን ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ከንቱ ሞት ይለዋል። እንዲህ የሚል ግን የደርቡሾችንም ድል ይመዝን፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው በ1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን ፈርሷልና። እንግዲያ በፍሬ ከሆነ ድል የነሣውም ድል የተነሣውም ባዶ እጁን ነው። ንጉሡ ደስ ብሏቸው ሞቱ ለማለት አልደፍርም፤ ጠረፉን ሊጠብቁ የወረዱበት ድካም ግን ለሌላ የማይተላለፍ ዕድል ፈንታቸው ነው።

ዛሬም በዚያው ቆላ የሰው ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርድ ደገኛ ብዙ ነው። ደስታ በድካም ነው የሚለውን ንባብ ይዞ የዚህን ሰው ደመወዝ የሚያስቀር ጌታ ቢኖር፥ ሰባኪው የተገፉትን ሰዎች እንባ በምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ጽፎበታል።