የሮም ገዳማት ቤተ እንግዳ መልካምነቱ በምን ይለያል

ወደ ሮም ከተማ የሚጓዝ ሰው፥ ለጉባኤም ይሁን ለትምህርት፥ ዘመድ ለመጠየቅም ይሁን የሐዋርያትን መቃብር ለመሳለም፥ ከስንቁ ብዙውን የሚወስድበት ማደሪያው መሆኑን ገና ሳይነሣ ያውቀዋል፤ በከተማይቱ መካከል ያሉት ሆቴሎች ከሚያስከፍሉት ገንዘብም ብዙው የሚውለው ተጓዡ ለማይገለገልበት ነገር፥ ይኸውም ለመግቢያ አዳራሹ ጌጥ፥ ለመጠጥ ቤቱና ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ለሚቆመው ሠራተኛ ነው። በዚያችው ከተማ ግን ደናግልና መነኮሳት ከገዳማቸው አንዱን ወገን ለእንግዳ ለይተው የሚያስተዳድሯቸው፥ ኢጣልያኖች «ካዛ ፔር ፌሪዬ» የሚሏቸው ብዙ ቤቶች አሉ፤ ዋጋቸውም እንደ ልማዱ በዚያው ሰፈር ካለው ሆቴል ዝቅ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የገዳም ስም ስለ ተጠራበት ብቻ ቤቱ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይቻልም። የዋጋ መርከስ ከሁለት ምንጭ ይመነጫልና፤ አንደኛው በመጠን መኖር ነው፥ ሁለተኛው ንፍገት ነው፤ ሁለቱም ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ መስለው ይታያሉ፤ ነገር ግን አንዱ እንግዳውን አሳርፎ ይሸኘዋል፥ ሌላው አጎሳቁሎ ይሰደዋል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምወደው አስተዋይ ተጓዥ እነዚህን ሁለቱን በምን ምልክት ሊለያያቸው እንደሚችል ነው።

እንግዳን መቀበል ለምዕራብ ገዳማት ጥንታዊ ግዴታቸው ነው። ቅዱስ ቤነዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዘመን ለመነኮሳቱ የጻፈው ሥርዓት በ53ኛው ምዕራፍ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ አድርገው እንዲቀበሉት ያዝዛል፤ ከዚህም ከፍ ካለው ትእዛዝ በኋላ ወደ ታናናሹ ነገር ወርዶ፥ የእንግዶች ማደሪያ እግዚአብሔርን ለሚፈራ ወንድም እንዲሰጥና በዚያም የተነጠፉ አልጋዎች በበቂ እንዲገኙ ይደነግጋል። ይህን ሥርዓት ከማደንቅበት ምክንያት አንዱ ምስጢረ ሃይማኖትን ከአልጋ ማንጠፍ ጋር በአንድ ምዕራፍ ማኖሩ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ በ1300 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የመጀመሪያውን ኢዮቤልዩ ካወጁ ወዲህ ነጋድያን፥ ማለት መንፈሳውያን ተጓዦች፥ በየጊዜው ወደ ሮም ይጎርፉ ስለ ነበር፥ ማደሪያ ማዘጋጀት ከከተማይቱ ዋና ሥራዎች አንዱ ሆነ፤ ቅዱስ ፊልጶስ ኔሪ በ1548 የመሠረተው ማኅበርም በ1550ው ኢዮቤልዩ የደከሙትን ነጋድያን ያሳርፍና ይመግብ፥ እግራቸውንም ያጥብ ነበር። የእኛም አባቶች ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተ ኋላ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በ15ኛው መቶ ዘመን ፍጻሜ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ነጋድያን ተሰጥታ፥ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548ና በ1549 በሮም ያሳተሙትን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ያሰናዱት በዚያ ማረፊያ ተቀምጠው ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ገና ከቤት ሳይወጡ፥ ለቤቱ በሚጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በኢጣልያንኛ፥ አጭርና ግልጽ ሆኖ የእንግዶቹን ቁጥር፥ የሚያድሩበትን ሌሊት፥ የሚፈልጉትን የአልጋ ዓይነትና የሚደርሱበትን ሰዓት ቢናገር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመረመረው መልሱ ነው። የመልካም ቤት መልስ ጥቂት ቃል ቢሆንም አንድ ነገር አያጎድልም፤ ዋጋው በክፍል ይሁን በሰው፥ ቁርስ ይኑርበት አይኑርበት፥ መታጠቢያው በክፍሉ ውስጥ ይሁን በመተላለፊያው፥ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፥ የከተማው የማደሪያ ቀረጥ ተጨምሮ እንደ ሆነ ወይም ለብቻው እንደሚከፈል ሳይጠየቅ ያስታውቃል። በተለይ ዋጋው በሰው መታሰቡን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ በብዙ የገዳም ቤቶች ልማዱ ይህ ስለ ሆነ፥ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይጠቀማል፥ ቤተ ሰቡን ይዞ የሚመጣ አባወራ ግን ሒሳቡን ደምሮ ሲያበቃ ከተራ ሆቴል እምብዛም ያልረከሰ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ቀረጡ ከ2011 ጀምሮ በሮም በየሌሊቱ ከእያንዳንዱ እንግዳ የሚሰበሰብ ሲሆን፥ 10 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነፃ ናቸው። መልሱ ቢዘገይ በዚህ ብቻ ቤቱን መናቅ አይገባም፤ ለደብዳቤው መልስ የሚጽፉት እኅት ምናልባት አንሶላውን የሚተኩሱትና በሩን የሚከፍቱት እርሳቸው ናቸውና። ነገር ግን ስለ ዋጋ ተጠይቆ ስለ ከተማይቱ ውበት የሚተርክ መልስ የመጣ እንደ ሆነ፥ ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል።

ሁለተኛው ምልክት ደጃፉ ነው፤ ከምልክቶችም ሁሉ አብልጬ የማምነው ይህንን ነው። ያው የቤነዲክቶስ ሥርዓት በ66ኛው ምዕራፍ፥ ዐጻዌ ኆኅት ሆኖ የሚሾመው በዕድሜ የበሰለ፥ መልእክት ተቀብሎ መመለስ የሚያውቅ፥ ከስፍራው ወዲያና ወዲህ የማይል ሽማግሌ እንዲሆን ያዝዛል፤ ሥርዓቱ ለደጃፍ ይህን ያህል መጨነቁ ትክክል መሆኑን የሚረዳው ከሩቅ አገር ደክሞ የደረሰ ሰው ነው። በጃኒኮሎ ኮረብታ ተዳፋት ላይ ባለ አንድ ቤት በብርድ ወራት ማታ በደረስኩ ጊዜ፥ በሩን የከፈቱልኝ አረጋዊት እኅት መጀመሪያ ወንበር አሳይተው ውሃ አቀረቡልኝ፤ ፓስፖርቴን የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው። በኢጣልያ ሕግ እንግዳ የሚያሳድር ቤት ሁሉ የእንግዶቹን ማንነት ለፖሊስ ማስታወቅ ግዴታው ስለ ሆነ፥ ፓስፖርት መጠየቁ የመጠራጠር ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ የቤቱ ጠባይ የሚታወቀው ከሁለቱ የትኛውን እንዳስቀደመ ነው። ወደ ክፍሉም ስንወጣ ቁልፉን ሰጥተውኝ ብቻ አልተመለሱም፤ የመብራቱን ማብሪያ በጨለማ እጄ እንዲያገኘው ከራስጌው በኩል አስዳሰሱኝ፥ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው እስኪሞቅ ድረስ ጣታቸውን ከሥሩ አድርገው ጠበቁ፥ የመስኮቱንም መዝጊያ አንድ ጊዜ ራሳቸው ዘግተው አንድ ጊዜ እኔን አዘጉኝ። ይህ ሁሉ የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፥ እዚያ እስከ ነበርኩ ድረስ አንዳች ነገር ለመጠየቅ ወደ ታች መውረድ አላስፈለገኝም።

ወደ ክፍሉ ከገቡ በኋላ የዕቃውን ማነስ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው። ጠባብ አልጋ፥ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ ወንበር፥ በግድግዳው ላይ አንድ መስቀል፤ መልካሙም ቤት መጥፎውም ቤት ከዚህ የበለጠ የለውም። የሚመረመረው አንሶላው ነው። አዲስ አንሶላ የሚመሰክረው ገንዘብ መኖሩን ነው፤ ተጠግኖ የተተኮሰ አንሶላ ግን ከዕቃው በስተ ኋላ የሰው ዐይንና እጅ መኖሩን ይመሰክራል። በዚያ በጃኒኮሎው ቤት የአልጋዬን ልብስ ገልጬ ስመለከት፥ የሳሳውን ስፍራ ከሌላ አሮጌ አንሶላ በተቆረጠ ጨርቅ ደግፈው፥ ክሩን ከድሩና ከማጉ ጋር እያስማሙ ስለ ሰፉት፥ በጣት ካልዳሰሱት በቀር የማይታወቅ ሆኖ አገኘሁት፤ አልጋውንም ያነጠፈው ሰው የተጠገነውን ወገን ወደ ግርጌ አዙሮት ነበርና የተኚውን ፊት አይነካም። እንዲህ ባለው ቤት በመጠን መኖር ከክብር ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል። ንፉጉ ቤት የሳሳውን አንሶላ እስኪቀደድ ያነጥፈዋል፥ ከተቀደደም በኋላ አጥፎ ይሸፍነዋል።

ሽታም ምስክር ነው። ንጹሕ ክፍል ሳሙና ይሸታል፥ ወይም ምንም አይሸትም፤ ሽቱ የተረጨበት ክፍል ግን የሚሸፍነው ነገር ሊኖር ይችላልና መስኮቱን ከፍቶ፥ ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና ማሽተት ነው። አቧራን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጠረጴዛውን ትቶ የመስኮቱን መዝጊያ ርብራብ እንጨትና ከማሞቂያው ብረት በስተ ኋላ ያለውን ወለል ይመልከት። ስለ ማሞቂያ ካነሣሁ ዘንድ፥ በሮም ከተማ ሕጉ የሕንፃ ማሞቂያ እንዲበራ የሚፈቅደው በመደበኛው ከኖቬምበር 1 እስከ አፕሪል 15፥ ያውም በቀን ከ12 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በኦክቶበር መጨረሻ ክፍሉ ቢቀዘቅዝ እኅቶችን መውቀስ አይገባም። ሆኖም ንፉጉ ቤት በዚያ ብርድ ሕጉን ይጠቅሳል፤ መልካሙ ቤት ሁለተኛ ብርድ ልብስ በቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀድሞ ያኖራል።

በብዙዎቹ ቤቶች በሩ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ይህን እንደ ቅጣት የሚቆጥሩት ተጓዦች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ጸሎተ ንዋምን አድርሰው የሚተኙ፥ ለጸሎተ ነግህ ገና ሳይነጋ የሚነሡ ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ውስጥ እንግዳው በእነርሱ አርምሞ ተጠግቶ እንደሚተኛ አምናለሁ፤ ይህንንም ጸጥታ በውድ ሆቴል በገንዘብ ለመግዛት ሞክሮ ያጣ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። የምመረምረው ሥርዓቱ ለሁሉ እኩል መሆኑን ነው፤ ለአንዱ ተጓዥ በሩ ተዘግቶ ለሌላው ቡድን እኩለ ሌሊት የሚከፈት ከሆነ የገዳሙ ሥርዓት ላልቷል ማለት ነው። በትራስቴቬሬ ሰፈር የሚያድር ሰው ደግሞ መንገዶቹ እስከ ሌሊት ስለሚንጫጩ፥ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚመለከት ክፍል አስቀድሞ ይለምን።

ቁርሱ በአብዛኛው ቡና በወተት፥ ዳቦና ማርማላታ ነው። ሮማውያን ሮዜታ የሚሉት፥ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ዳቦ ከጧቱ ከዳቦ ቤት መጥቶ ከቀረበ፥ አንድ ሰው ስለ እንግዶቹ ብሎ ማልዶ ተነሥቷል፤ በላስቲክ የታሸገ ደረቅ ቂጣ ብቻ ከሆነ ግን ማንም አልተነሣም። የእኛ ጾመኛ በሁዳዴ ወይም ረቡዕና ዓርብ ቀን ያደረ እንደ ሆነ፥ የእነዚያ እኅቶች ጾም ከእኛው የተለየ ነውና «እጾማለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቁላል እንደማይበላ፥ የሚበላበትንም ሰዓት ከዋዜማው ማታ ለይቶ ይንገራቸው። በማግሥቱ ፍሬና ዳቦ ከሻይ ጋር ለብቻው ተለይቶ ቢጠብቀው፥ ያ ቤት የቤነዲክቶስን 53ኛ ምዕራፍ ዛሬም ይፈጽመዋል።

የገዳም ስሙ ብቻ የቀረለት ቤትም አለ። አንዳንዱ ገዳም መነኮሳቱ ሲያንሱ ሕንፃውን ለነጋዴ ያከራያል፤ የቅዱሱ ስም በበሩ ላይ ሲቀር፥ በውስጥ ያለው ሆቴል ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ሆኖም በሆቴል መመዘኛ ይመዘን። የጸሎት ቤቱ በጧት ክፍት ሆኖ የሚጸለይበት መሆኑን ማየት እውነቱን ያስታውቃል። ደግሞ እውነተኛ የገዳም ቤት ሁሉ ርካሽ አይደለም፤ ቅድስት ብርጊታ ዘስዊድን ኖራበት በ1373 ያረፈችበት፥ ራሳቸው ላይ አምስት ቀይ ነጥብ ያለበት ነጭ አክሊል የሚያደርጉ ደናግል የሚያስተዳድሩት የፒያሳ ፋርኔዜው ቤት እጅግ የከበረ ሲሆን፥ ከስፍራው ማማር የተነሣ ዋጋው ከሌሎቹ ላቅ ይላል። ገንዘቡ የተመጠነ ተጓዥ ወደ ሞንቴቬርዴ፥ ወደ አውሬሊያ መንገድና ወደ ቅዱስ ዮሐንስ ላተራን ሰፈር ቢፈልግ፥ በአውቶቡስ ጥቂት ጊዜ ቢያጠፋም በኪሱ ያተርፋል።

ሲሸኙ የሚሰጠው ሒሳብ ዋጋውንና ቀረጡን ለየብቻ የጻፈ፥ ደረሰኙም ሳይለመን የሚሰጥ መሆን አለበት። የምጽዋት ሣጥን በጸሎት ቤቱ ደጃፍ ቢኖር ማንም ወደ እርሱ በጣቱ አይጠቁም፤ ስጦታ ነው ተብሎ መጠኑ የሚነገርለት ገንዘብ ግን ከዋጋው ጋር ተደምሮ ይቆጠር። ዳግመኛ ለመምጣት ያሰበ ሰው ከመሄዱ በፊት እኅቶችን ፊት ለፊት አግኝቶ ቢነጋገር ይበጀዋል፤ በፋሲካ ሳምንትና እንደ 2025 ባለው የኢዮቤልዩ ዓመት ቤቶቹ አስቀድመው ይሞላሉ፤ በኖቬምበር ወይም ከኤጲፋንያ በዓል በኋላ ባለው የጃንዋሪ ወር ቢመጣ ግን ወደ ግቢው የሚመለከተውን ክፍል መርጦ ሊያገኝ ይችላል።