ሥዕል የሌለው ስም፣ ስም የሌለው ሥዕል

መቼም በወፍ ብንመዘን ከሀብታሞቹ አገሮች ተርታ ነን። ችግሩ የሀብታችን መዝገብ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ መሆኑ ነው።

ናይጄል ሬድማን፣ ቴሪ ስቲቨንሰንና ጆን ፋንሾ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙትን የአፍሪካ ቀንድ አዕዋፍ መለያ መጽሐፍ ተመልከቱ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ እስከ ሶቆጥራ ደሴት ድረስ ከ1000 በላይ የወፍ ዓይነቶችን ይዟል። ሥዕሎቹ የጆን ጌልና የብራያን ስሞል ናቸው። ወንዱና ሴቷ የሚለያዩ ከሆነ ሁለቱም ተስለዋል፤ ገና ያልጎለመሰውም አልተረሳም። ለምን ፎቶግራፍ አልሆነም ትሉ ይሆናል። ፎቶ አንዲትን ወፍ በአንዲት ቅጽበት ነው የሚይዛት፤ ጥላው ያታልላል፣ ቅጠሉ ይከልላል። ሠዓሊ ግን ተመሳሳዮቹን ጎን ለጎን አቁሞ ልዩነታቸውን ያወጣዋል። አሜሪካዊው ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ያስለመደው ዘዴ ይኸው ነው። በሙያው በኩል እንግዲህ እጅ መንሣት ነው።

አሁን መጽሐፉን ወደ ደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ይዛችሁ ሂዱና ከጣና ዳር ለመጣ አንድ ገበሬ ስጡት። አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋውን ወፍ ሲያይ ይስቃል፤ ረግረጉ ላይ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነዋ! ከሥዕሉ ትይዩ ግን እንግሊዝኛና ላቲን እንጂ እሱ የሚጠራበት ስም የለም።

ጥምብ አንሣዎቹ ዘንድ ስትደርሱ ደግሞ አንዱ በሩፔል ስም ይጠራል። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችን የመጣ ጀርመናዊ አሳሽ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ የእሱ ስም ዛሬም በሰማያችን ላይ ይበራል። ይኸው ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመዝግቧል። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉንም «አሞራ» ብለን እናልፋለን። ሁሉም አሞራ ከሆነ፣ የትኛው እንደጎደለ በምን እናውቃለን?

ስም ቸግሮን እንዳይመስላችሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የማይበሉትን አዕዋፍ ሲዘረዝር በአማርኛው ሽመላ አለ፣ ጋጋኖ አለ፣ ሳቢሳ አለ፣ ይብራም አለ። እስቲ ከተማ ያደገውን ልጃችሁን «ጋጋኖ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም ራሳችሁን ጠይቁ። እነሱ ሥዕሉን ይዘዋል፣ እኛ ስሙን ይዘናል፤ ሁለቱ አልተገናኙም።

ጥፋቱ የእንግዶቹ አይደለም፤ በሚያውቁት ቋንቋ ለአንባቢዎቻቸው ጽፈዋል። የእኛው ድርሻ ነው የቀረው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ አላት። መቶ የሐይቅ ዳር ወፎችን የያዘች፣ ኪስ የምትገባ የአማርኛ መጽሐፍ ማዘጋጀት ተራራ መግፋት አይደለም። አንዱ ስም ለሦስት ወፍ ይሰጥ ይሆናል፣ አንዷም ወፍ በየመንደሩ ሌላ ስም ይኖራት ይሆናል። ይህን ማጥራት ነው የምሁር ሥራ። ብቻ ይፍጠኑ። ወፉ ቢተርፍ እንኳ ስሙን የሚያውቁት አዛውንት አይጠብቁንም።