በዴሳ ገበያ፣ ሣር ላይ

እስካሁን የት ነበርኩ? ራሴን ነው የምጠይቀው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የሥዕል አዳራሽ ወደ ሌላው ስዞር፣ መስታወት ውስጥ የተቆለፈ ሸክላ ፊት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስቆም ዓመታት ሄዱ። ለካስ የምፈልገው ነገር ከወላይታ ሶዶ ወዲያ፣ ዳሞት ወይዴ ወረዳ፣ በዴሳ ገበያ ላይ ከሌሎች ሸክላዎች ጋር ተደርድሮ ነበር!

ማሰሮ ነው። አንድ ማሰሮ። ግን ትከሻውን ብታዩት! ከሆዱ ተነሥቶ ወደ አንገቱ ሲወጣ የት ላይ እንደታጠፈ አይያዝም። አንገቱ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ዘመም ብሏል፤ ስሙን ሲጠሩት ዘወር እንደሚል ሰው። ሆዱ ላይ እሳቱ ራሱ የጣለው ጥቁር ጥላ አለ። ሻጯ እናት በጣታቸው መታ መታ አደረጉትና «ስማው ልጄ» አሉኝ። ጥርት ብሎ ጮኸ። የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ ይታፈን ነበር። ዋጋውን ሲነግሩኝ አፈርኩ፤ ልጨምር ስል ሳቁብኝ።

አሠራሩን ሳስብ ይባስ አብዳለሁ። የሚሽከረከር ሞተር የለም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ የለም። ጭቃው ይታሻል፣ እንደ ገመድ ይድቦለቦላል፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ በእጅ ይነሣል፣ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ይታሻል፣ ከዚያ ሜዳ ላይ በሣርና በእንጨት ይተኮሳል። ታቹ ክብ የሆነውስ ለውበት ብቻ መሰላችሁ? ሙቀት እኩል ይዳረስበታል፤ ስንጥቅ የሚጀምርበት ማዕዘን የለውም። ይህ ምህንድስና ነው፤ ያውም እናት ለልጅ በእጅ የምታስተላልፈው!

ጎረቤት ጋሞ ውስጥ ሸክላን ያጠናው አርኪዮሎጂስት ጆን አርተር ምን እንዳየ ልንገራችሁ (መጽሐፉ በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቷል)። ጠላ የሚጠመቅበት እንስራ ውስጡ በመጠጡ ኮምጣጣነት እየተበላ ይቦረቦራል። ጠላ የሚያስጠምቀው እህል የተረፈው ቤት ነውና፣ የሸክላውን ውስጥ ዳብሶ የባለቤቱን ኑሮ መገመት ይቻላል። ሸክላ ሐሜተኛ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዓለምማ አውቆታል። ናይሮቢ የተወለደችው ማግዳሊን ኦዱንዶ እንግሊዝ ተምራ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ወርዳ፣ ያኔ አቡጃ ትባል በነበረችው ከተማ ከእነ ሸክላ ሠሪዋ ላዲ ክዋሊ ሥር ተቀምጣ፣ ዛሬ ታላላቅ ሙዚየሞች የሚሻሙበትን ሸክላ የምትሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፦ ያለ መዘውር በእጅ አንሥታ፣ በድንጋይ ወልውላ፣ የመስታወት ቅብ ሳትነካው። ላዲ ክዋሊ ደግሞ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ላይ ከሸክላዋ ጋር ታትማለች። ሸክላ ሠሪ፣ በገንዘብ ላይ! እኛም ዘንድ ማሞ ተሰማ አሜሪካ አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ ሴራሚክ ተምሮ ተመልሷል፤ ብሔራዊ ሙዚየምንም መርቷል። ግን የሱ ሥራ ታላቅ እህቶች ገበያ ላይ ናቸው።

የሚያበግነኝም እዚህ ላይ ነው። ወላይታ ውስጥ ሸክላ ሠሪው ወገን «ቺናሻ» ይባላል፤ ቃሉ እንደ ስድብ ሲወረወር ኖሯል። ሌላው ማሰሮውን ገዝቶ ወጡን ይሠራበታል፤ ከሠሪው ጋር ግን አይጋባም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጅ ግን ጋብቻን አያዝም። ኪነ ጥበብ ስንል እነዚህን እጆች ሳንቆጥር ስለምን እናወራለን?

የእናቲቱን ስም ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። እንድጽፈው ግን አላስፈቀድኩም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። ማሰሮው ታች ላይም ፊርማ የለም። አለ ከተባለ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ የቀረ የአውራ ጣት ምልክት ነው፤ እኔ በየቀኑ አውራ ጣቴን እዚያ እያሳረፍኩ እለካዋለሁ፤ የሳቸው ያንሳል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አንሥቼ መታ መታ አደርግለታለሁ፤ «ስማው» እላለሁ፤ ሰው ሰልችቶኛል ማለት ጀምሯል። ስንለያይ ግን እኚያ እናት «ለማየት እንዳታስቀምጠው፣ ይደርቅብሃል» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ማታ አሟሸዋለሁ።